የካናዳው ጃኬት ለልጄ ጠበባት

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የሌላውን ሰው ጉዳይ ሲመልሱ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ የራሴን ለመጻፍ ግን ዓመት ፈጀብኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ፒያሳ፣ ሰራተኛ ሰፈር ነው። ወላጆቼ ኤርትራውያን ናቸው። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ብዙ ቤተሰብ ተባረረ፤ እኛም በዚያው ክረምት በአውቶቡስ ተጭነን ሄድን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትግርኛ እንኳ በወጉ አልችልም፤ አስመራ ትምህርት ቤት ልጆቹ "አምቼ" (ኢትዮጵያ ያደገች ለማለት) እያሉ ይጠሩኝ ነበር። አድጌ ብሔራዊ አገልግሎት ገባሁ። ማብቂያው አልታይ ሲለኝ በ2005 ድንበር ተሻግሬ ትግራይ ያለው ማይ ዓይኒ የስደተኞች ካምፕ ገባሁ። ሁለት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ከካምፕ ውጭ መኖር በሚፈቅደው አሠራር ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። "ተመለስኩ" ስል ሰው ይስቃል። በወረቀት ስደተኛ ነኝ፤ እግሬ ግን የሰፈሩን አቋራጭ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚያ ፈቃድ ዋስ ያስፈልግ ነበር። የፈረመችልኝ የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

እትዬ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ሹሩባ ከእናቴ ነው የተማርኩት፤ ቀለሙን፣ ፔስትራውን፣ ሂውማን ሄር መስፋቱን ከእሷ። በፐርሰንት ስሠራ አሥር ዓመት አለፈኝ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ቤታችንም አብሮ ሄደ፤ አሁን አራት ኪሎ አንድ ፎቅ ላይ በሦስት ወንበርና በሁለት ካስክ (ፀጉር ማድረቂያ) እንሠራለን። ደንበኞቻችን ግን ተከትለውን መጡ።

ታላቅ እህቴ ኤድመንተን፣ ካናዳ ነች። በ2014 ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሆና እኔንና ልጄን ስፖንሰር አደረገችን። ፕሮሰሱ ተጀመረ ከተባለ አራተኛ ዓመቱ ነው። "ዛሬ ነገ ይጠሩሻል" እያለችኝ ዕቃ አልገዛም። ቁም ሣጥን የለኝም፤ ልብሳችን አልጋ ስር ሻንጣ ውስጥ ነው። ሻንጣውን በሱቁ ሚዛን አስመዝኜዋለሁ፣ ልክ 23 ኪሎ። በ2015 ለልጄ የክረምት ጃኬት ላከችላት፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ባለፈው ሳምንት አውጥቼ ስለካት እጅጌው ከእጅ አንጓዋ በላይ ቀረ። ልጄ እያየችኝ "እማዬ፣ ካናዳ ስንሄድ ይሰፋል?" አለችኝ። ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቷ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሁን ጀርመን ነው፤ ሌላ ትዳር አለው፤ ለበዓል ይደውላል።

እንግዲህ ጥያቄዬ። እትዬ ስኳር አለባት፤ ቆማ መሥራት ከብዷታል። ከጥምቀት በኋላ ጠራችኝና "300 ሺህ ብር አምጪና ግማሹ ያንቺ ይሁን፤ ፈቃዱ በእኔ ስም ይቆይ" አለችኝ። ከእቁቤ 120 ሺህ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። የቀረውን ለመሙላት እህቴ "ለጉዞ ነው፣ እንዳትነኪው" ብላ በየጊዜው የላከችው ገንዘብ አለ። እህቴ ሥራውን ስነግራት ጮኸችብኝ፤ "እዚያ ሥር ከሰደድሽ ካናዳዎቹ ተቋቁማለች ብለው ይጥሉሻል!" አለች። እትዬ በበኩሏ "ላም አለኝ በሰማይ" እያለች ትስቅብኛለች። ውል እንጻፍ እንዳልላት ደግሞ ዋስ ሆና ያወጣችኝ ሰው ናት፤ በምን አፌ?

ልግባበት ወይስ ልጠብቅ?

ሻንጣዋ አልጋ ስር ያለ፣ ከአራት ኪሎ

*

እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጃኬቱን ለሰፈር ልጅ ስጪው። የምቀልድ እንዳይመስልሽ። የስድስት ዓመት ልጅ ያላት ጎረቤት አታጪም፤ የሐምሌ ብርድ ደግሞ እዚህም ብርድ ነው። ልጅሽ ራሷ ይዛው ሄዳ ትስጥ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን፤ ይህን ግን በዚህ ሳምንት ብታደርጊው ደስ ይለኛል።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው፤ አንቺ ልብ ብለሽው እንደሆነ አላውቅም። ከፒያሳ ተጭነሽ ስትሄጂ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ልጅሽ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሻንጣው ልክ 23 ኪሎ ሆኖ፣ ተመዝኖ፣ አልጋ ስር የሚጠብቀው ለካናዳ አውሮፕላን ብቻ ነው? ወይስ በዚያ ክረምት ምንም ሳትይዢ፣ ምንም ሳይነገርሽ ከቤት የወጣሽው ልጅ "ሁለተኛ ሳልዘጋጅ አልያዝም" እያለችሽ ነው? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ብቻ ጠይቂያት። ለዚያች ልጅ ከሆነ ቁም ሣጥን ብትገዢም የሚከፋት አይመስለኝም።

ስለ መጠበቅ ትንሽ አውቃለሁ። በ1971 በመተማ ወጥቼ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም ደረስኩ። ደይም ሰፈር፣ ሐበሻው ሁሉ በሚኖርበት፣ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። አሜሪካ በ1972 አዲስ የስደተኞች ሕግ አውጥታ ነበርና ሁላችንም ኢንተርቪው እንጠብቃለን። ከመካከላችን አንዱ ጠዋት ተነስቶ፣ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ድንገት ቢጠሩትስ! ሥራ አይፈልግም፣ ዐረብኛ አይማርም፣ ከጎረቤት አይግባባም። "ለማላድርበት ቤት ጣራ አልከድንም" ይል ነበር። ሌላዋ ደግሞ የሱዳን ሴቶችን ልብስ ትሰፋለች፤ እሷን የሚጠይቃት ሰው ከመብዛቱ የተነሳ በር ላይ ወረፋ ነው።

አሁን "እሱ ቀረ፣ እሷ ሄደች" እንድልሽ ትጠብቂ ይሆናል። አይደለም። እሱ ከሁላችን ቀድሞ ሄደ። ዳላስ ገባ፣ ሠራ፣ ቤት ገዛ፣ ልጆች አስተማረ፤ ጎበዝ ሰው ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ስንገናኝ ስለ ደይም ሳወራለት ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና "እኔኮ ከዚያ አራት ዓመት አንድ ቀን አላስታውስም" አለኝ። ፊቱን እስካሁን አልረሳውም። ልብስ ሰፊዋ ዘግይታ ነው የሄደችው፤ የእሷም ኑሮ ደህና ነው። ልዩነታቸው አራት ዓመት ነው፣ ሌላ አይደለም። ለልጅሽ ግን አራት ዓመት ማለት ከአንደኛ ክፍል እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

ወደ እህትሽ ፍርሃት ልምጣ፤ ከባዶ የመጣ አይደለምና አትናቂው። አንድን ሰው በግል ስፖንሰር ለማድረግ አምስቱ ሰዎች የ12 ወር ወጪሽን እንደሚችሉ በወረቀት አሳይተዋል። ከጓደኞቿ ጋር ተማምላ፣ ምናልባትም ተበድራ ነው። ካናዳ በህዳር 2017 ከእንዲህ ዓይነት የአምስት ሰው ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁማለች። አሜሪካ ደግሞ በጥር 2017 የስደተኛ ቅበላዋን ዘጋች። እህትሽ ይህን ሁሉ እየሰማች ነው የምትጮኸው። ያንቺ ማመልከቻ ከዚያ በፊት ስለገባ አዲሱ እገዳ አይነካውም፤ ግን "ይህ ቢበላሽ ሁለተኛ በር የለም" ብላ ብትሰጋ አልፈርድባትም። በዓለም ላይ ካለው ስደተኛ በዓመት ሦስተኛ አገር የሚሰፍረው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እሷ ይህን በር ለመክፈት ገንዘቧንም እንቅልፏንም ከፍላለች።

ታዲያ ሥራሽ ጉዳይሽን ያበላሻል ወይ? ማለባበስ አልፈልግም፤ በካናዳ ሕግ ስደተኛው አሁን ባለበት አገር ዘላቂ መፍትሄ አግኝቷል ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ኢንተርቪው ላይም ሊያነሱት ይችላሉ። ዘላቂ መፍትሄ የሚሉት ግን በየጊዜው የሚታደስ የስደተኛ መታወቂያ ይዞ ፀጉር ከመሥራት የሰፋ ነገር ነው፤ በአገሩ ላይ ሳይሰጉ የሚኖሩበትን መብት ይጨምራል። አንቺ ላለፉት አሥር ዓመታትም እየሠራሽ ነበር። የሚጎዳሽ መሥራትሽ ሳይሆን መደበቅሽ ነው። "ሥራ የለኝም፣ በእህቴ ገንዘብ ነው የምኖረው" ብለሽ ተናግረሽ በኋላ ሌላ ከተገኘ እውነት የሆነው ታሪክሽም ይጠረጠራል። እህትሽ ማመልከቻውን ያዘጋጀላቸው ሰው ካለ፣ ሥራሽ እንዴት እንደተጻፈና አሁን የሚለወጥ ነገር ቢኖር እንዴት እንደሚያሳውቁ ትጠይቅልሽ። ይህን ጥያቄ ለእሷ መስጠት ሌላም ጥቅም አለው፤ ከመጮህ ወደ መሥራት ትዞራለች። ታላላቅ እህቶች ሥራ ሲሰጣቸው ይረጋጋሉ፤ እኔም ታላቅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ሳልረሳው፣ የልጅሽ አባት። ቪዛው ሲደርስ አብሮ የማይሄድ ወላጅ ለልጁ ጉዞ መስማማቱን የሚገልጽ ወረቀት ይጠየቃል። ለሚቀጥለው በዓል ሲደውል ከሰላምታው በኋላ ይህን አንሺ። አሁን ጀርመን ያለው አድራሻው ይታወቃል፣ ስልኩም ይሠራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚሆን ማን ያውቃል። በዚህ መሀል አንቺም ትዳር ብትይዢ ወይም ብትወልጂ (ሰላሳ ሰባት ዓመት ምን አላት!) ሳትውዪ ሳታድሪ ለስፖንሰሮችሽ ንገሪ። ከመሄድሽ በፊት ያላስመዘገብሽውን የቤተሰብ አባል በኋላ መውሰድ ብዙዎችን ያስለቀሰ ጣጣ ነው። የልጅሽ ልደት እዚህ ካልተመዘገበም አስመዝግቢ፤ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ስደተኞችም የልደት ምዝገባ ያገኛሉ።

አሁን ደግሞ ወደ እትዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከካናዳው ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1110፣ ለስደተኛ ተቀጥሮ የመሥራትም በንግድ የመሰማራትም መብት ይሰጣል። ጥሩ አዋጅ ነው። ነገር ግን መብቱ የሚለካው ለውጭ አገር ዜጋ በሚፈቀደው ልክ ነው። በ2012 የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ደግሞ ፀጉር ቤትንና የውበት ሳሎንን ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ከተተዉት ሥራዎች ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ቢሮ ሄደሽ "በዚህ ሙያ በስሜ ወይም በሽርክና ፈቃድ ማውጣት እችላለሁ? ተቀጥሬስ የሥራ ፈቃድ አገኛለሁ?" ብለሽ ጠይቂ፤ ከተቻለ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። መታወቂያሽ የሚታደስበት ጊዜ ከደረሰም በዚያው ጨርሺው። ከ2017 ጀምሮ የስደተኛ መታወቂያ ከፋይዳ ቁጥር ጋር ተያይዞ መሰጠት ጀምሯል፤ ለባንክም ለስልክም ያቀልልሻል።

"ፈቃዱ በእኔ ስም ይቆይ፣ ገንዘቡን አንቺ አምጪ" የሚለውን ግን አልመክርሽም። እትዬ ክፉ ስለሆነች አይደለም። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ወርቅ ሴት ናት። ግን ስኳር አለባት ብለሽኛል። አምላክ ዕድሜዋን ያርዝመው እንጂ፣ አንድ ቀን ልጆቿ ወይም ወንድሞቿ መጥተው ወንበሩን፣ ካስኩን፣ መስታወቱን ሲቆጥሩ አንቺ ማን ነሽ? "በፐርሰንት የምትሠራ ልጅ" ነሽ። 300 ሺህ ብርሽን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ሄደ። ደግ ሰው ይሞታል፣ ደግነቱን የሚያወርሰው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሐራጅ ቤትና ፍርድ ቤት በእንዲህ ዓይነት ታሪክ የተሞላ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ የተጀመረ ነው።

"በምን አፌ ውል እላታለሁ?" ላልሽው፣ እስኪ አንድ ነገር አስታውሺ። እትዬ ዋስ ስትሆንሽ እንዴት ነበር የሆነችሽ? በቃል ብቻ "እኔ አለሁላት" ብላ ነው? አይደለም፤ ቢሮ ሄዳ፣ መታወቂያዋን አሳይታ፣ ፈርማ ነው። ያወጣሽ ፍቅሯ ብቻ ሳይሆን ፊርማዋም ነው። እንግዲያው እንዲህ በያት፤ "እትዬ፣ ያኔ አንቺ ፈረምሽልኝ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልፈርምልሽ። አንቺ ብትታመሚ ልጆችሽ እንዳይጠረጥሩኝ እፈራለሁ።" ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር እውነት ናት፣ ደግሞም ለእሷ ክብር ናት። በሥራ ሰዓት፣ ደንበኛ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ እየሰማች አታንሺው። ሰኞ ቀዝቀዝ ሲል፣ ወይም ቤቷ ቡና ላይ ይሁን።

ውሉ ደግሞ ሽርክና ብቻ መሆን የለበትም። ቢሮው "አይቻልም" ቢልሽ እንኳ ሌላ መንገድ አለ። የእቁብሽን 120 ሺህ ለእትዬ በብድር ስጪና በየወሩ እየከፈለችሽ ትጨርስ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ያለ ጽሑፍ ማስረዳቱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ውሉን ማስጻፍ የሕግ ነገር እንጂ የመጠራጠር ነገር አይደለም፣ ይህንንም ልትነግሪያት ትችያለሽ። ወይም አንድ ካስክና ጥሩ ፔስትራ በራስሽ ደረሰኝ ገዝተሽ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጪ፤ በምትኩ ፐርሰንትሽ ከፍ ይበል። ብትሄጂ ትሸጪዋለሽ፣ ብትቀሪ ትሠሪበታለሽ። ቅጥርሽም በጽሑፍ ይሁን። የቱ እንደሚሻል ለመወሰን ስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ከአራት ኪሎ በእግርሽ ነው። ውሉን ከተስማማችሁ በኋላ ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ ብታጸድቁት ሌሊት ሁለታችሁም ትተኛላችሁ።

የእህትሽን ገንዘብ አትንኪው። "ለጉዞ" ተብሎ የመጣ ገንዘብ ሳይነገራት ካስክ ከሆነ፣ ካስኩ ቢያተርፍም እህትነታችሁ ይከስራል። ንገሪያትና እሷ ከፈቀደች ሌላ ነው። እግረ መንገድሽን ብትነግሪያት ጥሩ የሆነ ነገር ላክልልሽ፤ የካናዳ መንግሥት ለሚሄዱ ስደተኞች ለጉዞ ወጪ በኋላ የሚከፈል ብድር ይሰጣል። ስለዚህ ያ ገንዘብ ባይኖር መንገድ ላይ የምትቀሪ አይደለሽም። ይህን ካወቀች ምናልባት ልቧ ይላላ ይሆናል፤ ካልላላም መብቷ ነው።

እዚህ የምትሠሪው ሥራ እዚያ ይጠቅማል ወይስ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው? ብዙ ሰው "እዚያ ሁሉም ዜሮ ነው" ይላል፤ ከፊሉ እውነት ነው። በካናዳ የፀጉር ሥራ በየክፍለ ግዛቱ የራሱ ደንብ አለው፣ አንዳንዱ ጋ የሙያ ፈቃድ ሳይኖር መቀስ አይነሳም። ለዚያ የሚረዳሽ የእጅሽ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ነው። እትዬ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ምን እንደሠራሽ በማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ትስጥሽ። የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ ውሰጂ። ሲደርስሽ የሚጠቅምሽ ሌላው እንግሊዝኛ ነው፤ ካናዳ ገብተሽ ነፃ ትምህርት አለ፣ ግን ደንበኛ ስታስተናግጂ የምትናገሪያቸውን ሃያ ሠላሳ ቃላት ከአሁኑ ብትለማመጂ የመጀመሪያው ክረምት ያጥርልሻል። አራት ኪሎ ዙሪያውን ተማሪ ነው፤ ለአንዷ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ሹሩባ ሠርተሽ በምላሹ ሳምንት ሁለት ቀን ብታስጠናሽስ? ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

ስለ ካናዳ ስናወራ ሁልጊዜ የሚነገረን የተሳካለት ሰው ታሪክ ነው። አህመድ ሁሴን የሚባለው ሶማሌ በ16 ዓመቱ ስደተኛ ሆኖ ገብቶ የካናዳ የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ሆነ፤ እውነት ነው። የገባው ግን እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1993፣ የተሾመው በ2017 ነው። በመካከሉ 24 ዓመት አለ፣ ያንን ማንም አይተርክልሽም። መቋቋም የሚባለው ነገር የሚሆነው እዚያ መሀል ላይ ነው፤ የአውቶቡስ ቁጥር በመልመድ፣ የልጅን የወላጅ ስብሰባ ባለመቅረት፣ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ስም በማወቅ። አንቺ ይህን አንዴ አስመራ፣ አንዴ ማይ ዓይኒ፣ አንዴ እዚህ አድርገሽዋል። "አምቼ" ተብለሽ ትግርኛ የተማርሽ ሴት እንግሊዝኛ አያቅትሽም።

ደግሞ አዲስ ነገር እየመከርኩሽ አይደለም። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄጂ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ፣ የአርመኖች ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በየቀኑ ታልፊው ይሆናል። በ1916 መጨረሻ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከዘር ፍጅት የተረፉ፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አስመጥተዋቸው እዚህ ከተማ ገቡ። አርባ ልጆች ነው የሚባሉት። የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ እሱም ከዚያው እልቂት የተረፈ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በኋላ ሌላ አገር ሄደዋል፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ኖረዋል። ማርሹን ሲለማመዱ ግን የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ፣ የሚሄዱት እነማን እንደሆኑ ያወቀ አልነበረም። ሁሉም ጥሩንባውን ነፋ።

እንግዲህ እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገው ነበር። መጀመሪያ ወደ ቢሮው፣ በዚህ ሳምንት፣ ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌ። ቀጥሎ እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ለእህቴ እደውላለሁ፤ እሷ ጋ ገና ረፋድ ነው፣ ከሥራ አርፋለች፣ ቡናዋን ይዛለች። የመጀመሪያው ቃሌ ስለ ሳሎኑ አይሆንም። "ለእኔ ብለሽ ስንት እንደከፈልሽ አሰብኩ" ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ስለ ጃኬቱ እነግራታለሁ፤ ልጅሽ የጠየቀችውን፣ ቃል በቃል። ከጮኸችም ትጩህ፤ አታቋርጫት። ለእትዬ የማነሳው ከሁለቱ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ "እችላለሁ" ወይም "አልችልም" የምትዪውን ታውቂያለሽ፤ እቁቡም እጅሽ ገብቷል።

ልጅሽን ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። ስለ ካናዳ ምን ትነግሪያታለሽ? በየቀኑ "ስንሄድ፣ ስንሄድ" የምትሰማ ከሆነ እዚህ ያሉትን ጓደኞቿን በከፊል ልብ ነው የምትወዳቸው። "እንሄድ ይሆናል፤ እስከዚያ እዚህ ነን" ብትያት ዘጠኝ ዓመት ላላት ልጅ ይበቃታል። ልደቷ መቼ ነው? ጓደኞቿን ቤት ጠርታ ታውቃለች?

ቁም ሣጥኑን አዲስ መግዛት የለብሽም። መርካቶ ያገለገለ ሞልቷል፤ እትዬ ቤቷ ለመሸጥ ያሰበችው ይኖር ይሆናል፣ ጠይቂያት፣ ለውሉ ወሬ መግቢያም ይሆንሻል። ሻንጣውን ባዶውን አልጋ ስር መልሺው፤ እንኳን ለካናዳ ለሐዋሳም ያገለግላል። እና እትዬ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ ካለፈው ደብዳቤሽ አጠር ቢልም ግድ የለም።